ሁለቱንም ለክቻለሁ

የእህቴን ባል እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ሜትሮ» ነው የሚለው። ጠዋት ሲነሳ ከሸሚዙ በፊት ሜትሩን አንገቱ ላይ ይጥላል፤ ማታ ሲተኛ ከአንገቱ የምታወልቅለት እህቴ ናት። ሰው ሰላም ሲለው እጁን ይጨብጥና ዓይኑ ትከሻው ላይ ይቀራል። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራዋ ስትገባ እንባ ሲያቀርር ደስታ መስሎን ነበር፤ በኋላ ብንጠይቀው የቀሚሷ የግራ ጫፍ ከቀኙ አጥሮ ነበር አለን። እንዲህ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም ነበር፤ ታላቅ እህት መቼም የመጣውን ሁሉ አትወድም። አሁን ግን ሜትሮን ማማት የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ከእኔ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

የምሠራውም እሱ ዘንድ ነው። ቁልፍ እተክላለሁ፣ የሱሪ ጫፍ እቀመቅማለሁ፣ ደንበኛ ሲጨቃጨቅ ደግሞ አፍ እሆነዋለሁ፤ ሜትሮ ዝምተኛ ነውና። እናታችን ነፍሷን ይማረውና «አንቺ የሁለት ሰው አፍ ይዘሽ ነው የተወለድሽው» ትለኝ ነበር። ሁለተኛው አፍ የማን እንደነበር ሜትሮን ሳይ ገባኝ።

እህቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። እንግዲህ እዩት፤ ባልም ሚስትም ባለመኪና ናቸው። የእሱ መኪና ልብስ ይሰፋል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ የእሷ መኪና ከተማውን ሲዞር ይውላል፣ ግን የሕዝብ ነው። ለልጆቹ የተረፈ መኪና የለም።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ታላቂቱ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሁላችንንም ስለምታዝ «አለቃ» እንላታለን። ታናሹ ገና ተደግፎ መቀመጥ የጀመረ፣ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ ነው፤ እሱን «ድንቡሼ» እንለዋለን። አለቃ ወንድሟን ትወደዋለች፤ የምትወደው ግን እንደ መንግሥት ንብረት ነው። ማንም እንዲነካው አትፈልግም፣ እሷም አትነካውም።

እህቴ ድንቡሼን ከወለደች ጀምሮ ቤት ነበረች። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ተኛች፣ ልጇን አቀፈች፣ ቤቱን አሳመረች። ቆይታ ግን መስኮት ሥር መቀመጥ አበዛች። ሕፃኑን እያጠባች ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች በድምፃቸው ትለያለች። «ያችኛዋ ፍሬኗ ሊያልቅ ነው» ትላለች፤ «ይኼኛው ደግሞ ማርሽ ሲቀይር አያዝንላትም፣ ማነው ይኼ?» ትላለች። እኔ እያየሁ ዝም እላለሁ። ሜትሮም እያየ ዝም ይላል፣ ያው እሱ ሁልጊዜም ዝም ነው። ሴትዮዋ መሪዋ ናፍቋታል፤ ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል የተስማማነው እንዲህ ነበር፤ ሜትሮ ጠዋት ሁለቱን ልጆች ይዞ ወደ ሱቁ ይወርዳል፣ እዚያ እሱም እኔም አለን፣ ልጆቹ ከእኛ ጋር ይውላሉ፣ ማታ ዳገቱን ይዟቸው ይወጣል። ሱቁ ውስጥ ችግር የለም። ችግሩ መንገዱ ነው። የእኔ ጉልበት እንደሆነ ራሴን ተሸክሞ ካደረሰኝ ምስጋና ይገባዋል፤ ልጅ ጨምሬበት አላስቆጣውም።

ለሙከራ አንድ ቀን ወረዱ። ድንቡሼ በአሮጌው ጋሪ፣ አለቃ በአባቷ እጅ። ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ሜትሮ ቁልፉን ለማውጣት እጇን ለቀቀ። በዚያች ቅጽበት አንዲት ርግብ አረፈች፣ አለቃም ርግቧን ልትይዝ ሮጠች፤ የሱቃችን በር ደግሞ ሲከፈት ፊት ለፊቱ አስፋልቱ ነው። አንድ ባለ ብስክሌት ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ርግቧን አስበረገግህብኝ ብላ ሰውየውን ተቆጣችው። ሜትሮ ግን ያን ቀን አንድ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ፤ ስፌት ላይ እንዲህ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ማታ ደግሞ ዝም ማለት ሲችል ለሚስቱ ነገራት። ባለ አፏ እኔ እንኳ ልደብቀው አስቤ ነበር።

እህቴ ሰምታ አልጮኸችም። ስትጮህ ይሻላል፤ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው የሚያስፈራው።

«ስማኝ» አለችው። «እኔ በፊት መስታወት የማየውን አንተ አታየውም። ልጅ ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ሲል እግሬ ፍሬን ላይ ከመድረሱ በፊት ልቤ ነው የሚቆመው። ሁለቱም ቀበቶ ታስረው፣ ሁለቱም አንተ እጅ ሥር ሆነው ከዚህ ወጥተው ሱቅ ሲገቡ በዓይኔ ካላየሁ መሪ አልጨብጥም። ልቤን እዚህ ትቼ ያን ሁሉ ሰው ልጫን?»

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን አልወጣም፤ ልክ ነበረቻ።

በማግስቱ የስምሪት ኃላፊው ደወለ። ድምፁ ስልኩን አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። «ሰኞ ከመጣሽ መስመርሽ መስመርሽ ነው። ካልመጣሽ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሚኝ።» እህቴ «እሺ፣ አሳውቅሃለሁ» ብላ ዘጋችና ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ያን ቀን የትኛውም አውቶቡስ ሲያልፍ ምንም አላለችም።

ሜትሮ ራት ላይ ዳቦውን አስቀመጠና «ሁለት ልጅ የሚይዝ ጋሪ አለ አሉ» አለ።

«ጋሪ?» አልኩት። «ፈረሱስ ማነው?»

«እኔ» አለ፣ ሳይስቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ሦስታችንም የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ሄድን። ሻጯ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ደስ ይላል። «የመንታ ጋሪ ነው የፈለጋችሁት? ልጆቹ መንታ ናቸው?» አለችን፤ አለቃ ከእኔ እጅ ለማምለጥ እየታገለች፣ ድንቡሼ ደግሞ እናቱ ትከሻ ላይ ልጋጉን እያዝረበረበ።

«አዎ» አልኳት። «እሷ ቀድማ መጣች፣ እሱ መንገድ ላይ ቆየ።»

«እትዬ!» አለች እህቴ። ሻጯ ግን ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን።

ጋሪዎቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው መቀመጫዎቹ ፊትና ኋላ የሆኑ ረጅምና ጠባብ፤ ሌላኛው ጎን ለጎን የሆኑ ሰፊና አጭር። እህቴ ድንቡሼን ለእኔ ሰጠችኝና መጀመሪያ ረጅሙን ያዘች። የያዘችውን አያያዝ ብታዩት፤ እጀታውን አልነካችውም፣ ጨበጠችው እንጂ። ተንበርክካ ጎማዎቹን ከሥር አየች፣ ፍሬኑን በእግሯ ረገጥ ለቀቅ አደረገች፣ ከዚያ በአልጋና በመታጠቢያ ሳህን መካከል ይዛው ሄደች። ጥግ ላይ ስትደርስ ፊቱ ታጠፈ፣ ኋላው የጡጦ መደርደሪያ ገጨ።

«ይኼ ተሳቢ ነው» አለች። «ፊቱ ሲታጠፍ ኋላው ገና ሌላ መንገድ ላይ ነው።»

«ፊት እኔ ነኝ!» አለች አለቃ፤ ዘላ ወጣችና ፊተኛው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ሾፌር ነኝ። እሱ ኋላ ይሁን።»

ድንቡሼን ኋላ አስቀመጥነው። ፊት ለፊቱ ያለው የእህቱ ወንበር ጀርባ ብቻ ነው። ጥቁሩን ጨርቅ አየው፣ አየውና ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እህቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «የኋላ ተሳፋሪ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ጠዋት ማልቀስ ከጀመረ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነው። ደግሞ ይኼ ልጅ የወንበር ጀርባ እያየ አያድግም።»

ሜትሮ አሁን ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ሻጯ ጋሪውን ሊለካ መስሏት «ልኩ እዚህ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ጋሼ» አለችው። ሜትሮ አልሰማትም። አለቃ ፊት ተንበረከከና ትከሻዋን ለካ። ከወገቧ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ቁጭ ስትል ቁመቷን ለካ። አለቃ ልብስ ሲሰፋላት እንደለመደችው ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ከዚያ ወደ ድንቡሼ ዞረ። ድንቡሼ የሜትሩን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተና አልለቅም ስላለ፣ የትከሻው ልክ ተገምቶ ተወሰደ።

«ለሁለቱም ትንሽ ለማደጊያ እጨምራለሁ» አለ ሜትሮ ለራሱ። ከዚያ ወደ ሰፊው ጋሪ ሄደ፣ መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ ጨርቁን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገው፣ ስፌቱን ገልብጦ አየ። «ድርብ ስፌት ነው። ትከሻቸው አይጨናነቅም። ይኼ ነው ልካቸው።»

ልጆቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ድንቡሼ እህቱን ከጎኑ ሲያያት ጮኾ ሳቀ። አለቃ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ከዚያ «እሱ ረዳት ይሁን» ብላ ፈቀደችለት። እህቴ ገፋችው። በአንድ እጇ አዞረችው፣ ወደ ኋላ አስኬደችው፣ በአልጋዎቹ መሃል አሾልካ መለሰችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ካየሁት ቆይቻለሁ። ሥራ ላይ ስትሆን የምታሳየው ፊት ነው።

«መሪው ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው። «ሁለቱንም ለክተሃል?»

«ሁለቱንም ለክቻለሁ» አለ ሜትሮ።

ይህችን ጥያቄና ይህችን መልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ለፍርድ ቤትም እመሰክራለሁ። በኋላ እንደገባኝ እህቴ የጠየቀችው ጋሪው ስለሚያልፍባቸው ሁለት በሮች ነው፤ ስለ ቤቱና ስለ ሱቁ። እሱ የመለሰው ስለ ሁለቱ ልጆች ነው። ልብስ ሰፊ ሰው ይለካል፤ በር ምን ሲደረግ ይለካል? ሁለቱም ተማምነው፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ከፈሉና ወጣን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ የጠየቀችውን ለማየት ወጣን፤ ከቤት እስከ ሱቅ፣ ልጆቹ ታስረው፣ ገፊው ሜትሮ ብቻ፣ እኛ ከኋላ። የቤቱ በር አሳለፈን። አሳንሰሩም ጎማዎቹን ትንሽ እያሻሸ አስገባን። ቁልቁለቱን ሜትሮ እጀታውን ወደ ራሱ ስቦ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። አትክልት ሻጩ ከሱቁ ወጥቶ «ሜትሮ! መኪና ገዛህ እንዴ?» አለው፤ አለቃ ከአባቷ ቀድማ «አትንካ፣ አዲስ ነው!» አለችው። ድንቡሼ ነፋሱ ፊቱ ላይ ሲመጣበት ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። ገና ሳንደርስ ደግሞ መቀመጫው ላይ እርጥብ ማህተሙን አሳረፈበት፤ ከእንግዲህ ጋሪውን እንመልስ ብንል እንኳ የሚቀበለን አልነበረም። እህቴ ስትራመድ ተረከዟ ይዘል ነበር። ነገሩ አበቃ አልኩ።

ሱቁ ደረስን። ሜትሮ ከፈተና ጋሪውን ገፋ። ጋሪው መቃኑን ገጭቶ ቀጭ አለ።

ወደ ኋላ ስቦ እንደገና ገፋ። ቀጭ። በትንሹ አዘንብሎ ሞከረ። መቃኑ ላይ ተቀርቅሮ ቆመ። አለቃ «ንዳ!» አለች።

የሱቃችን በር ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ እኛ ግን የምናውቀው ቀኙን ብቻ ነው። ግራው ከውስጥ ተቀርቅሮ የኖረ ነው። ሜትሮ በዚህ በር በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደገባና እንደወጣ እግዜር ይቁጠረው። የሰፈሩን ሰው ወገብ በቃሉ ያውቃል፤ የራሱን በር አያውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ምን ላድርግ? አትክልት ሻጩም ከሩቅ ይስቃል። ከዚያ እህቴን ዞሬ አየኋትና ሳቄ አፌ ውስጥ ደረቀ።

«ሁለቱንም ለክቻለሁ አላልከኝም?» አለችው።

«ለክቻለሁ» አለ። በእጁ ወደ ልጆቹ አመለከተ። «ሁለቱንም።»

ጋሪውን አየች፣ በሩን አየች። የገባት ይመስለኛል፤ እንዲያውም በሌላ ቀን ቢሆን እስክታነባ ትስቅ ነበር። «አጥፈህ ታስገባዋለሃ» ብትል ደግሞ መልሱን ታውቀዋለች። ለማጠፍ ሁለቱንም ማውረድ ነው፤ እሱን አቅፎ እሷን መያዝ፣ እሷን ይዞ ጋሪውን ማጠፍ፣ ያውም እዚሁ ደጃፍ፣ አስፋልቱ አፍ ላይ። ርግብ ደግሞ መቼ ታጣና።

«በቃ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ምንም አይደል። ልጆች እኮ ያድጋሉ። እቀራለሁ።» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ቁጥሩን ስትፈልግ ጣቷ ቶሎ ቶሎ አይሄድም ነበር።

የታናሼን ነገር አውቀዋለሁ፤ «ምንም አይደል» ካለች ትልቅ ነገር ነው። እናታችን ስትሞትም «ምንም አይደል» ነው ያለችው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የምለው ግን አጣሁ። የሁለት ሰው አፍ ይዤ!

ሜትሮ የጋሪውን ፍሬን በእግሩ ረገጠ፣ ፍሬኑ መያዙን ሁለቴ ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠ፣ እጀታውን አንስቶ የሚስቱ እጅ ላይ አስቀመጠው፣ በጎን ሹልክ ብሎ ሱቁ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሜትሮ የስፌት መኪና የሚቀመጠው በዚያ በማይከፈተው ተካፋች ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር ነው። እዚያ ነው ሥራ የተማረው፤ አሠሪው ሲያረጅ ሱቁን ለእሱ ሲለቅለትም እዚያው ነበር የተቀመጠው። ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፣ መርፌዋ ላይ ያርፋል። ያችን ቦታ ማንም አይነካም። እኔ ስጠርግ መጥረጊያዬ የመኪናውን እግር ከነካ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ያ ለሜትሮ ስድብ ነው። አንድ ጊዜ ሱቁን ቀለም ልናስቀባ ብለን ከዚያች ግድግዳ በስተቀር ሁሉንም አስቀባን። ዛሬም ያች ግድግዳ ቀለሟ ሌላ ነው።

ከውስጥ የሚጎተት ዕቃ ድምፅ ሰማን። ብረት ከወለል ጋር ሲንፋቀቅ ጥርስ ያማል። ልገባ ብዬ በጎን አንገቴን ሳስገባ፣ ሜትሮ መኪናውን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ጓዳው ግድግዳ ይጎትታል፤ ወደ ጨለማው። ጨርቅ የተከመረበትን ጠረጴዛም አነሳ። ከዚያ ወደ ተካፋቹ ተመለሰና መቀርቀሪያውን ሳበ። ዝጓል፣ እምቢ አለው። የመኪናውን ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት፣ በመቀሱ እጀታ መታው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ እንደገና መታው። ላቡ በሜትሩ ላይ ይወርዳል። እህቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አላደረገችም፣ ቦርሳዋም ውስጥ አልመለሰችም፤ ይዛው ቆማለች። አለቃም ከጋሪው አንገቷን አስግጋ ታያለች።

መቀርቀሪያው ወረደ። ተካፋቹ አቧራና የሞተ ሸረሪት እያራገፈ ተከፈተ። ፀሐይ እስከ ዛሬ ገብታ ወደማታውቅበት ወለል ገባች። ሜትሮ ወጣ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ እጀታውን ከሚስቱ እጅ ተቀበለና ገፋ። ጋሪው ገባ። ሁለቱም ታስረው፣ ሁለቱም እጁ ሥር ሆነው፣ ቀጭ ሳይል ገባ።

እህቴ ደፉ ላይ ቆማ መጀመሪያ ልጆቹን አየች። ቀጥላ ባዶውን ቦታ አየች፤ የመኪናው እግሮች ወለሉን አጎድጉደው አራት ምልክት ትተውበታል። ከዚያ በጓዳው ጨለማ ውስጥ ያለውን መኪና አየች።

«እዚያ እንዴት ታያለህ?» አለችው።

«አምፖል እገዛለሁ» አለ ሜትሮ።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። አላመሰገነችውም፤ እሱም የጠበቀ አይመስልም። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቃ ላቡን በመዳፏ ጠረገችለትና መልሳ አጠለቀችለት። እኔ ዞር ብዬ የአትክልት ሻጩን ቲማቲም ሳደንቅ ቆየሁ።

ሰኞ ልጆቹ ሳይነሱ ሄደች። ሜትሮ ሁለቱንም አጥቦ፣ አልብሶ፣ አስሮ ወረደ፤ ሁለቱንም ተካፋች ከፍቶ ገባ። እኔ በጭንቀት ጠብቄያቸው ነበር፤ የእህቴ ልጆች ዛሬ ሲያለቅሱ ነው የሚውሉት ብዬ መሐረብ ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። ምን አለፋችሁ፤ የሚያለቅስ ጠፋ። አለቃ የቆመውን ጋሪ አውቶቡስ አደረገችው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ «ትኬት!» ትለዋለች፤ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ያወጡትን የመድኃኒት ወረቀት ሰጥተዋት አለፉ። ድንቡሼ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲጀምር ያንቀላፋል፣ ድምፁ ሲቆም ዓይኑን ገልጦ ያፈጣል። ስለዚህ ሜትሮ ሥራ ሳይኖረውም በባዶ ጨርቅ ላይ ይሰፋ ነበር። በሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ፣ ተነሡ። እናታቸውን አንዴም አልጠሩም። እኔማ ትንሽ ተቀየምኳቸው።

ያን ቀን የተቸገረ ሰው ካለ ሜትሮ ብቻ ነው። አዲሱ አምፖል ከኋላው ስለሆነ የራሱ ጥላ ስፌቱ ላይ ይወድቅበታል፤ አንድ ኮሌታ ሁለት ጊዜ ሲፈታ አየሁት። «ወዲህ አዙረው» ብለው «እለምደዋለሁ» አለኝ።

ወደ ማታ እህቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ከፌርማታው ሮጣ እንደመጣች ትንፋሿ ይናገራል። ልጆቹ ለዳገቱ ተዘጋጅተው ጋሪው ውስጥ ጎን ለጎን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ የአለቃ እጅ ወንድሟ ሆድ ላይ ነው። እህቴ ተንበርክካ ሁለቱንም አሸተተቻቸው። ልትቀሰቅሳቸው ፈልጋ እንደነበር ታውቆኛል። አልቀሰቀሰቻቸውም።

«ሥራ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ደህና ነበር» አለች ሳታየኝ። ከዚያ ቀና አለችና ባሏን ጠየቀችው። «አለቀሱ?»

«ኧረ ምን ያለቅሳሉ!» ልል አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ የምሥራች ይዤ እንዴት ዝም እላለሁ? ግን ፊቷን አየሁት። ከጠዋት እስከ አሁን ይህችን አንድ ጥያቄ ይዛ ነው የነዳችው።

ሜትሮ ከመኪናው ቀና አለ።

«አለቀሱ እንጂ» አለ።

«በጣም?»

«ጠዋት ላይ በጣም። ኋላ ቀስ እያለ ተዋቸው።»

«ማን ጀመረ?»

«ታላቂቱ። ‹እማዬ የት ሄደች› እያለች። እሱ ደግሞ እሷን ሲያይ ተከተላት።»

እህቴ የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯ ግን ይስቃል። የአለቃን እጅ አነሳችና ሳመችው። «የኔ ጌታ፣ የኔ እናት» አለች። «በቃ፣ አይዟችሁ። የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ እኮ ነው፤ ትለምዱታላችሁ።»

ሜትሮ እኔን አየኝ። እኔም መርፌዬን አነሳሁ። እነዚያ ሁለት ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲስቁ መዋላቸውን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሱ ዝምተኛ ነው፣ እኔም እነሆ ዝም ብያለሁ።

እህቴ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሮቿን ዘረጋች።

«ነገ» አለች፣ «ከመሄዴ በፊት ቀስቅሼ እስማቸዋለሁ።»